ንጹሕ ክንድ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ይህ የመጀመሪያ ገጼ ነው። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር የምስክር ወረቀቴን ሲሰጠኝ፣ በየቀኑ ትንሽ ካልጻፍክ የተማርከው ፊደል ከእጅህ ይበራል አለኝ። ስለዚህ ይኸው። የሚያነበው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጽሑፌን የሚነቅፍ የለም፤ የሚያደንቅ ግን አንድ ሰው አለ።

ሥራዬን ልግለጽ። የምሠራው የአለርጂ መድኃኒት በሚዘጋጅበት ቤት ነው። ጥድ ሲያብብ የሚያስነጥሳቸው፣ ዓይናቸው የሚቀላ፣ ደረታቸው የሚጠብ ሰዎች አሉ። ጥፋተኛው የአበባው ብናኝ ነው፤ ያ እንደ ዱቄት የላመ ቢጫ ነገር። በብናኙ ውስጥ ያለውን ሰው የሚያስቆጣ ፕሮቲን አውጥቶ ጠብታ መሥራት፣ በጠብታውም ሕመምተኛውን መመርመርና ቀስ በቀስ ማላመድ፤ የቤታችን ሥራ ይኸው ነው። እኔ ዛፍ ላይ ወጥቼ አበባ ያዘለውን ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፣ ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ አሰጣዋለሁ፣ አበባው ሲፈነዳ አራግፌ በወንፊት እነፋለሁ። ራሴን ማመስገን አልወድም እንጂ በዚህ ቤት እንደ እኔ የሚያራግፍ የለም። ሌላ የሚያራግፍም የለም።

ሌላ ማዕረግም አለኝ፤ ንጹሕ ክንድ ነኝ። አዲስ ጠብታ በተዘጋጀ ቁጥር፣ አለርጂ የሌለበት አንድ ሰው ክንድ ላይ ጠብ ተደርጎ በመርፌ ጫፍ ይጫራል። የሕመምተኛው ያብጣል፤ የጤነኛው ማበጥ የለበትም። ካበጠ ጠብታው ራሱ ቆዳ የሚያቃጥል ነው ማለት ነውና ይደፋል። ያ ጤነኛ እኔ ነኝ። በየወቅቱ ብናኝ ስቅም ከርሜ እንኳ ክንዴ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነው። ማስክ የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። የኔ አንገቴ ላይ ለጌጥ ይንጠለጠላል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ማሽኑ መጣ። ሲያስገቡት በሩን መንቀል ግድ ሆነ።

እስከ ዛሬ ብናኙን በጨው ውኃ ዘፍዝፈን ሲማሰል ያድር ነበር። የሚወጣው ፕሮቲን ግን ከንፉግ ኪስ የሚወጣ ያህል ነው። ይህ አዲሱ ወፍራም የብረት ሲሊንደር ነው። ብናኙና የጨው ውኃው በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ውኃ በሞላው ሆዱ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ይጠብቃል። ከዚያ ግፊት ነው፤ ከላይ ብቻ ወይም ከታች ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ጎን እኩል። የቤቱ ኃላፊ ዶክተሯ ስታስረዳን፣ እሳት ፕሮቲንን እንደ እንቁላል ያበስለዋል፣ ግፊት ግን በልኩ ሲሆን ሳያበስል ከብናኙ ሆድ ያስወጣዋል አለች። መለኪያው ቀዩን መስመር ካለፈ ግን እሱም ያበስላል፣ ከረጢቱም ይጣላል።

ከሁሉም ጎን እየጨመቀች የሆድን የምታስወጣ፣ ያለ እሳት ሰው የምታበስል እኔ አንዲት ብቻ አውቃለሁ አልኩና ማሽኑን አማት ብዬ ሰየምኳት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሚዛን እንኳ ፈገግ አለች። ሚዛን የላቦራቶሪ ባለሙያችን ናት። ቃሏን ሳይቀር መዝና ስለምትናገር ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ዶክተሯ ወቅቱ ሲያልቅ የማሽኑ ቋሚ ኦፕሬተር ትሆናለህ ብላኛለች። የሚፈለገው መለኪያ የሚያነብና ካርድ የሚሞላ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ፊደል የቆጠርኩት ለምን ሆነና። ዕድሜ ልኬን የሰው ጆንያ ስሸከም ኖርኩ። ከእንግዲህ የምሸከመው ብዕር ነው። ለባለቤቴ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደስ ሲላት እንደዚያ ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጉንፋን። ዓይኔን ሳሸው ዋልኩ። ባለቤቴ ሳሙና ቀይራለች፤ ከሱ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ከእኔ በፊት ብናኝ ያራግፍ የነበረው ሻምበል ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ አረማመዱ ነው ሻምበል ያሰኘው። አንድ ወቅት ላይ ብናኙ ያዘውና ትንፋሽ አጠረው። የቤቱ ሕግ ደግሞ አንዴ ብናኝ የያዘው ሰው ማድረቂያ ክፍልም ማሽን ክፍልም አይገባም። አሁን በር ጠባቂ ነው። እኔ የዱቄት ምርኮኛ እለዋለሁ። ባለቤቴ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው ትላለች፤ እሱ ግን ለምዶታል።

ዛሬ ስወጣ በሩ ላይ ማስነጠስ ያዘኝ፤ ማባሪያ የለውም። ሻምበል ይማርህ አለኝ፣ ደግሞ ይማርህ አለኝ፣ በኋላ ይማርህ ማለቱን ተወው።

“ጉንፋን ነው?”

“ጉንፋን ነው።”

“እኔንም የያዘኝ ጉንፋን ነበር” አለ።

አንተን የያዘህስ እርጅና ነው ብዬው ሄድኩ። ነገርየው ግን እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ሰው ሲሸነፍ ጓደኛ ይፈልጋል፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አማት የጨመቀችው የመጀመሪያው ጠብታ ዛሬ ክንዴ ላይ ተሞከረ። ምስር የምታህል እብጠት። በጣም ያሳክካል። ሚዛን ጎንበስ ብላ አየችና ይሄ ምንድን ነው አለች። ትንኝ ናት፣ ልክ ጠብታው ላይ አርፋ ነከሰችኝ አልኳት። መዘነችኝ። ዶክተሯ መጣች፤ አየች፤ ፊቷ ወደቀ። ማክሰኞ እንደግመዋለን፣ ያኔም ካበጠ በግፊት የተሠራው በሙሉ ይደፋል አለች።

ማታ

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ልጻፍ። ነገሩን በደንብ አሰብኩበት። ምስሯ የመጣችው ከጠብታው ከሆነ አማት ቀረች፤ አማት ከቀረች ኦፕሬተርነቴም ቀረ። ከእኔ ከሆነ ደግሞ … ከእኔ ሊሆን አይችልም። እኔ ብናኝ እንደ ዳቦ የምበላ ሰው ነኝ። ጉንፋኑ ነው ቆዳዬን ያስከፋው። ጉንፋን ያለበት ሰው ቆዳው ይከፋል። እንዲህ ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል።

እሑድ፣ የካቲት 16

የባለቤቴ ታናሽ እህት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ለማሳከክ የሚሆን ኪኒን ስጪኝ አልኳት። ለማን ነው ጋሼ አለች። ለጎረቤት።

“ደረቱን ጠበብ ያደርገዋል?”

“ጎረቤቴ አንበሳ ነው።”

“አንበሳህ ትንፋሽ ካጠረው ኪኒን አይበቃውም፣ ሐኪም ይየው” አለችና ሰጠችኝ። ማሳከኩንም እብጠቱንም ያጠፋል፣ ግን ያስተኛል አለች። እብጠቱንም ስትል ጆሮዬ ቆመ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ልሙጥ። ልሙጥ። ልሙጥ። ዶክተሯ ክንዴን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር አለችኝ። ሚዛን ትንኟስ ብላ ጠየቀች። ሞታለች፣ ዛሬ ነው ቀብሯ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ግን ጉድ ሆንኩ። መለኪያው ፊት ተቀምጬ ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ ሚዛን ተሯሩጣ ግፊቱን እየለቀቀች ነበር፤ መርፌው ቀዩን መስመር አልፏል። ከረጢቱ ሲወጣ ውስጡ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ረግቷል። ያ ሁሉ ዛፍ የወጣሁበት ብናኝ ተጣለ። ሚዛን፣ አማቱ ፊት የሚያንኮራፋ አማች ዛሬ ገና አየሁ አለች። እሷ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ለዶክተሯ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ አድሮ ነው አልኳት። ጎረቤታችን ውሻ የለውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ባለቤቴ ስተኛ ታዳምጠኛለች። ደረትህ ውስጥ ድመት አለ ትለኛለች። አይጥ እንዳይገባ ነው አልኳት። አልሳቀችም። ድሮ ጆንያ ተሸክመህ እየዘፈንክ የምትወጣውን ደረጃ ዛሬ መሐል ላይ ቆመህ አየሁህ አለች። ዕቃ ይዤ ነዋ።

“አንተ ሰው፣ የያዝከው እኮ ዳቦ ነው።”

ትልቅ ዳቦ ነበር።

ሐኪም ቤት እንሂድ አለች። ከዶክተር ጋር ነው ውዬ የምገባው፣ ምን ሐኪም ትፈልጊያለሽ አልኳት። ተጣልተን ተኛን። እሷ ናት የተጣላችው።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አሁን ኪኒኑን ሁለት ሁለት እውጣለሁ። አንዱ አልበቃም። ማስኩን አድርጌ አራገፍኩ። ያየኝ የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ዛሬ በር ላይ ቆሜ ዶክተሯ በስልክ ስትናገር ሰማሁ። ንጹሑ ክንድ ላይ ከዚያች አንድ ቀን ወዲህ እብጠት አልታየም፣ ስለዚህ ለሕሙማኑ መጀመር እንችላለን አለች። ድምፅዋ የሠርግ ድምፅ ነበር። ስለ እኔ ነው የምታወራው። በስልክ ዝናዬ ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ያቺ ምስር ከጠብታው ብትሆንስ ኖሮ? የታመመ ሰው ነው የሚወስደው። ግን አይደለም፤ ከጉንፋኑ ናት። ብዬ ጽፌአለሁ እኮ፣ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

የሆነውን ሁሉ በተራ ልጻፈው።

ከበላይ መሥሪያ ቤት ገምጋሚ መጣ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲጨብጡት ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። ለእሱ ክብር ጠዋት ሁለቱን ውጬ ነበር። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ይኸው ጌታዬ፣ ዝንብ ብታርፍበት የሚያዳልጣት ክንድ አልኩት። ሳቀ። ጨዋ ነው።

ሚዛን እንደ ወትሮው ሁለት ጠብታ አኖረች፤ አንዱ በድሮው መንገድ ተዘፍዝፎ የተሠራው፣ አንዱ በግፊት የወጣው። ገምጋሚው ሦስተኛውስ አለ። ዶክተሯ፣ የእሱን ክንድ ከድሮ ስለምናውቀው ሦስተኛውን ትተነዋል አለች። እሱም በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ይጨመር አለ። እኔም፣ ሦስት ቢሆን ሠላሳ ለኔ ክንድ ያው ነው ብዬ አከልኩበት። አፌን በቆረጠው።

ጠበቅን። ሁለቱ ልሙጥ። ሦስተኛውም ልሙጥ። በኩራት ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሚዛን መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አየች። ዶክተሯ ክንዴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

“ምነው፣ አለፍኩ አይደል እንዴ?” አልኩ።

“ሦስተኛው ጠብታ ማንም ሰው ቆዳ ላይ ያብጣል፤ ጤነኛም ይሁን በሽተኛ” አለች ሚዛን። “የቆዳውን እውነተኛነት የምንለካበት ነው። የማያብጠው ሬሳ ላይ ነው። ወይ የአለርጂ ኪኒን የዋጠ ሰው ላይ።”

የሬሳው ነገር የኔ ዓይነት ቀልድ ነበር። የሳቀ ግን የለም።

ዶክተሯ ምን ውጠህ ነው አለችኝ። ሸክም ቆዳዬን አወፍሮት ነው አልኩ። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዛሬ ጠዋት ራሴን አሞኝ አንዲት ብቻ አልኩ። ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። አማት እንኳ እንደዚያ ጨምቃ አታውቅም።

“ነገ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ይመጣሉ” አለች። “የጠራኋቸው ክንድህን አምኜ ነው።”

ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ነው አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም፤ እሷ ግን ሰማች። ገምጋሚው ወረቀቱን ሰብስቦ፣ እንደገና ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎ ወጣ። እሷ ቢሮዋን ዘግታ ለሕሙማኑ ስትደውል ዋለች። በሩ ሥር አልፌ ስሄድ፣ አይደለም፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ስትል ሰማኋት።

የእኛ አለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ኪኒኑን አቁም ተባልኩ። ከውስጤ ሲወጣ ክንዴ እንደገና ይጫራል። እስከዚያ ማድረቂያ ክፍል እንዳትገባ ተባልኩ። ለባለቤቴ ፈቃድ ወጣሁ አልኳት።

የወቅቱ የመጨረሻ ቅርንጫፎች ወረቀት ላይ ተሰጥተው ነው ያሉት። ዛሬ ወይ ነገ ይፈነዳሉ። ካልተራገፉ ሻጋታ ይበላቸዋል። ማን ያራግፋቸዋል? ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የጠየቀኝ የለም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ገና ስላልበረታሁ ፊደሌ ከፍቷል።

ዓርብ ማድረቂያ ክፍሉ ገባሁ። ያዘዘኝ የለም። አንድ ወረቀት ሙሉ አራግፌ ብሰጣት ዶክተሯ ትለሳለሳለች ብዬ ነው። ደግሞ ለራሴም ማየት ፈልጌ ነው፤ ያለ ኪኒን፣ ያለ ማስክ፣ ድሮ እንደነበርኩት። ቅርንጫፉን አንዴ መታሁት፣ ክፍሉ በቢጫ ጢስ ተሞላ። ሁለተኛውን ስመታ አየር ወደ ውስጥ አልገባ አለኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ ክር የሚያሾልክ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። በሩ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግሬ አላወቀም። ወንፊቱ ሲወድቅ ድምፁ ውጭ ድረስ ተሰማ አሉ።

ያወጣኝ ሻምበል ነው። እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ጠቅልሎ ገብቶ በብብቴ ጎተተኝ። እሱ እዚያ ክፍል ደጃፍ ላይ እንኳ መቆም የሌለበት ሰው ነው። ሐኪም ቤት አፌ ላይ ጭንብል አድርገው አየር ሲነፉልኝ ዓይኔን ገለጥኩ። አጠገቤ ወንበር ላይ እሱም ጭንብል አድርጎ ይተነፍሳል። ዓይኑ እንደ ቲማቲም ቀልቶ አብጧል። ልናወራ አንችልም ነበር። ጉልበቴን ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

የዱቄት ምርኮኛ ብዬው ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ኪኒን የለም፤ ብናኝ የለም። ክንዴ ዛሬ ተጫረ። ሚዛንም እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አዲሷ ንጹሕ ክንድ እሷ ናት። የእሷ ክንድ ላይ ሦስተኛው ጠብታ ብቻ አበጠ፣ ሁለቱ ልሙጥ ሆኑ። ስለዚህ በግፊት የተሠራው ጠብታ ቆዳ አያቃጥልም፤ አማት ነጻ ወጣች፤ ሕሙማኑም እንደገና ይጠራሉ። ያቺ የየካቲቷ ምስር የማን እንደነበረች ታወቀ ማለት ነው።

የኔ ክንድ ላይ ሦስቱም አበጡ። በዝፍዘፋ የተሠራው ምስር አከለ። በግፊት የወጣው ባቄላ አክሎ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት እግር አወጣ። ዶክተሯ በማስመሪያ ለካችው፤ አንዴ ለክታ አልበቃትም። ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደወጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም አለች ለሚዛን። ከዚያ እኔን አየችና ደስታዋን ከፊቷ ላይ ሰበሰበችው።

የኦፕሬተርነቱን ነገር ጠየቅኳት። ካርዱን አሳምረህ ትሞላ ነበር አለችኝ። ከብናኝ ጋር ግን አንድ ክፍል አላስገባህም አለች፤ ብርጭቆና ጠርሙስ ማጠቢያ ውስጥ ቦታ አለ፣ ደግሞ ከሕሙማኑ ጋር ለማላመጃው ጠብታ ስምህን እጽፈዋለሁ። እሺ አልኩ። በዚህ ቤት ታሪክ እንደ እኔ ክንድ ያበጠ አለ ወይ አልኳት። የለም አለች።

በሩ ላይ ለሻምበል አንደኛ መውጣቴን ነገርኩት። በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ አብሬው ሳልኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴም ክንዴን አሳየኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኪኒኑንም፣ እህቷንም፣ ወደ ክፍሉ መግባቴንም። ወድቆ ነው ተብሎ ነበር የተነገራት። እያሳሳቅኩ ነው የነገርኳት፤ የገምጋሚውን አጨባበጥ፣ የሬሳውን ነገር። አልሳቀችም። ባቄላዋን በጣቷ ጫፍ ዙሪያዋን ዳሰሰቻት።

“እዚያው ብትቀር ኖሮ ማን ሊነግረኝ ነበር?” አለችኝ።

ቀልድ ፈለግሁ። ለካስ የሚያልቅ ነገር ነው።

“ፈርቼ ነበር” አልኳት። “ወደ ሸክም እንዳልመለስ ፈርቼ ነበር።”

የሥራ ካፖርቴን ከበሩ ጀርባ አወረደችው፤ እጥፋቱ ውስጥ ገና ቢጫ ነገር አለ። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ሳታራግፍ፣ ቀስ ብላ ላስቲክ ውስጥ ከተተችውና አፉን ቋጠረች። አንድ ቋጠሮ አልበቃትም፤ ደገመችው። ከዚያ መስኮቱን ዘጋች፣ አጠገቤ መጥታም ተቀመጠች።